ክዳኑ እንዳይዘጋ

ጦሳ ጉም ለብሶ፣ መብራት በጊዜ ጠፍቶ፣
ባትሪው ሠላሳ ላይ፣ ጣቴ በብርድ ገርጥቶ፣
ሦስተኛ ሌሊቴን ከዚህ ማሽን ጋራ
ስጠይቅ አመሸሁ፦ «ካርድህስ?» ጥያቄው ተራ፣
መልሱ ግን አንድ ነው፤ ደጋግሜ ብለምናት፦
«አላውቃትም» ይላል። የገዛ አካሉ ናት።

ቀድሞ የነበርኩበት አንድ አዳራሽ ነበር፤
ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ ባንኩ፣ የማላውቀው ፋይል ጭምር
ባንድ ምንጣፍ ላይ ጉልበት ገጥሞ ሲያድር።
መስኮት ብቻ የሆነ፣ በር የሌለው ቤት ነው፤
ጥዬው ወጣሁ።
አዲሱ ሥርዓት ግን አጥር በአጥር ነው፤
ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ጓዳ አለው።
ኢንተርኔቱም እንኳ የበረኛ ክፍል
ተሰጥቶት ይኖራል፣ ውስጥ ላያይ፣ ላያጎድል።
ፍላሽ የመጣ እንደሁ በደጅ ይፈተሻል፤
ማንንም አያምንም፤ እኔንም ይጠይቃል።

አንድ ማታማ፣ ሳቁብኝ፣
ከኮምቦልቻ ስገዛው «ቢ» ቁልፉ ወልቆ ነው፤
ስለዚህ የምጽፈው በውጭ ኪቦርድ ነው።
«ዩኤስቢ ሁሉ ይታሰር» ብዬ ባዘዝኩት ጊዜ
ኪቦርዴም አብሮ ገባ፤ ሆነ ሌላ ትካዜ።
የምስጢር ቃሌ ደግሞ ሁለት «ቢ» አለበት፤
ራሴ ባጠርኩት አጥር ውጭ ቀረሁበት።

ጠዋት ወደ ሙሔ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ፎቶ ቤቱ ሥር፤
ካቻቪቴ በጥርሱ፣ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ሲቆጥር።
«ደግሞ ምን አረግሽው?»
«ካርዷ ሾፌር የላትም።»
«ተይ እንጂ! መናኸሪያው ላይ ስንቱ ሾፌር ተርፎ
ላንቺ ካርድ አንድ ጠፋ?» አለኝ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

ግን ከፈተው። አምስት ብሎን፣ አንዷ የዛገች፤
ከአቧራው መሃል ካርዷ እንደ ጥፍር ታየች።
«የዚች ሠሪ ምስጢሯን ለማንም አልሰጠም፤
ያልታወቀ እንግዳ ደግሞ ያንቺ በር አይቀበልም።
ሁለቱም ልክ ናቸው» አለና መሳቢያውን ሳበው፤
የሞቱ ላፕቶፖች ካርድ፣ በክብሪት ቀፎ ያሰባሰበው።
አንዷን አነሣ፦ ያረጀች፣ ቀርፋፋ፣ ገበያ የናቃት፤
ግን አንጀቷ ሁሉ የተነበበ፣ ዓለም ያወቃት።

ከዚያ ወደ ባዮስ። እዚያ ሰማያዊ ገጽ ላይ
አጥሩን የምታቆመው ማብሪያ ጠፍታ ስናይ
ሙሔ ዝም አለ። እኔ ፊቴ ጋለ።
ለካ ሦስት ሌሊት በር ስቆልፍ ያደርኩት
ግድግዳ በሌለው ቤት ነው።

አበራናት። አስነሣነው። ነጥቦቹ ዞሩ፣ ዞሩ፤
የዳቦ ቤቱ ዋይፋይ፣ የጎረቤት የነዘሀራ፣ ተደረደሩ።
ጮህኩ። ሙሔ ሬዲዮው ላይ ነው፣ ቀና አላለም።

አንድ ነገር ቀረ። ክዳኑን ስዘጋ ይተኛል፤
ሲነቃ ግን ካርዷን እንደ ባዕድ ያያል፤
እንደገና «አላውቃትም» ይላል።
«እንቅልፉን እኔም አላውቅበትም» አለ ሙሔ። «አታስተኚው።»
«ሂሳብ?» ስለው፦ «የክብሪቱን ቀፎ ሙይልኝ፤
አሮጌ ካርድ ስታገኚ አምጪልኝ።»
ምን እንደምጽፍበት ጠይቆኝ አያውቅም።

አንዲት ሴት ከሐይቅ መጥታ፣ ድምጿ ሳይሰማ፣
«ስሜን አደራ» ብላኝ ሄዳለች በጨለማ።
ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከመርሳ፣
ሲናገር እጁን አፉ ላይ ሳያነሣ።
እኔን አመኑ። እኔ ማንን ልመን?
ይህን የማያምነውን።

ማታ ነው። በክዳኑና በቁልፎቹ መሃል
የፀጉር ማበጠሪያ አስገብቻለሁ፤ ይበቃል።
እሱም አይተኛም፣ እኔም ጋቢ ደርቤ
ጓዳ በጓዳ ስሞችን እያስቀመጥኩ፣ አንድ በአንድ፣ ቆጥቤ፤
ባትሪው ዘጠኝ ላይ ነው። ጦሳ አይታይም።
መብራት ይምጣ አይምጣ፣ እንጃ።